የቆመ ባቡር ሁሉ የቸልተኝነት ማስረጃ አይደለም፦ ስለ መዝናኛ ፓርኮች ብልሽትና ጥገና ለወጣ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በመዝናኛ ፓርኮች ያሉ ትልልቅ መጫወቻዎች በተደጋጋሚ ስለመቆማቸውና ጥገናቸው ስለመጓተቱ በቅርቡ የወጣ አንድ ጽሑፍ አንብቤአለሁ። የጽሑፉ ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፦ መጫወቻ ሰው እንደጫነ መቆሙ የባለቤቱን ቸልተኝነት ያሳያል፤ አብዛኛው መቆም የሴንሰር (የባቡሩን ቦታና ሁኔታ የሚለይ መሣሪያ) የሐሰት ማንቂያ ስለሆነ ኦፕሬተሩ ማንቂያውን አልፎ እንዲያስነሳ ሊፈቀድለት ይገባል፤ የድሮዎቹ መጫወቻዎች ኮምፒውተር ሳይኖራቸው እንዲህ አይቆሙም ነበር፤ አንድ የተሰነጠቀ ብረት ለመጠገን ሳምንታት መጠበቅ ሰበብ ነው፤ በየጠዋቱ መጫወቻውን በዓይን መፈተሽ በቂ ነው፤ በመጨረሻም ከ30 ደቂቃ በላይ የቆመ መጫወቻ ባለቤት ይቀጣ፣ ቶሎ ያስነሱ የጥገና ሠራተኞችም ይሸለሙ። ጸሐፊው ልጆቻቸውን ይዘው ለሰዓታት ከተሰለፉ በኋላ «ዛሬ አይሠራም» ተብለው መመለሳቸውን የገለጹበት ክፍል ልብ ይነካል፤ ቅሬታቸውም እውነተኛ ነው። ሆኖም ለዓመታት በማሽን ጥገና ሥራ ላይ የቆየሁ ሰው እንደመሆኔ፣ ከቅሬታቸው ተነስተው ካቀረቧቸው ሐሳቦች ጥቂት የማይባሉት ተግባራዊ ቢሆኑ ሰው ይጎዳሉ ብዬ ስለማምን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መቆም የቸልተኝነት ማስረጃ ነው የሚለው የመጀመሪያው ነጥብ መጫወቻው እንዴት እንደሚሠራ ግምት ውስጥ አላስገባም። የሮለር ኮስተር፣ ማለትም ሰው ጭኖ ሽቅብ ቁልቁል የሚሮጥ ባቡር ያለው መጫወቻ፣ ሀዲድ ከመነሻው እስከ መድረሻው በክፍሎች የተከፋፈለ ሲሆን፣ በአንድ ክፍል ውስጥ በአንድ ጊዜ ከአንድ ባቡር በላይ እንዳይገኝ ተደርጎ የተሠራ ነው። በእያንዳንዱ ክፍል መጨረሻ ላይ ባቡርን ፈጽሞ ሊያቆም የሚችል ነገር አለ፤ ወይ ፍሬን ነው፣ ወይ ወደ ላይ የሚጎትተው ሰንሰለት ነው፣ ወይ ጣቢያው ራሱ ነው። የፊተኛው ባቡር ክፍሉን ለቆ መውጣቱን ሴንሰሮቹ እስካላረጋገጡ ድረስ ኮምፒውተሩ የኋለኛውን ባለበት ይይዘዋል። ስለዚህ ሦስት ባቡሮች በሚዞሩበት መጫወቻ ላይ አንድ ተሳፋሪ ታምሞ ወይም ተሳፋሪውን ወንበሩ ላይ የሚይዘው የአንድ ወንበር መያዣ አልዘጋ ብሎ ጣቢያው ውስጥ ያለው ባቡር ቢዘገይ፣ ሁለተኛው ከጣቢያው በፊት ባለው ፍሬን ላይ፣ ሦስተኛው ደግሞ አቀበቱ ላይ ሰንሰለቱ እንደያዘው ይቆማል። ከታች ሆኖ የሚመለከት ሰው «ተበላሸ» ይላል፤ የተበላሸ ነገር ግን ላይኖር ይችላል። በርግጥ አንዳንዱ መቆም የሚመጣው ከእውነተኛ ብልሽት ነው፤ ያም ቢሆን ባቡሩ የቆመው ብልሽቱ ሰው ላይ ከመድረሱ በፊት እንዲያዝ ተብሎ ነው።

ጸሐፊው ሰዎች ከፍታ ላይ አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ መቆየታቸውንም በዚሁ ነጥብ ሥር አንስተዋል። አቀበቱ ላይ የቆመ ባቡር አጠገብ አብዛኛውን ጊዜ የብረት ደረጃ አለ፤ ነገር ግን ሰው እንደ አውቶቡስ በሩ ተከፍቶለት አይወርድም። ሠራተኞቹ የደህንነት ቀበቶ ታጥቀው ይወጣሉ፣ ባቡሩ ከቦታው ንቅንቅ እንደማይል ያረጋግጣሉ፣ ከዚያም የወንበሮቹን መያዣ ረድፍ በረድፍ ይከፍታሉ፤ የአንዱ ረድፍ ሰዎች መሬት እስኪደርሱ የሌላው ረድፍ መያዣ እንደተዘጋ ይቆያል። ከሃያ በላይ ሰዎችን፣ ከመካከላቸው የሚያለቅስ ሕፃንና ጉልበቱ የሚያመው አዛውንት እያሉ፣ በዚህ አኳኋን በጥንቃቄ ለማውረድ የሚፈጀው ጊዜ ረጅም ነው። ይህን ስል ሁሉንም መዘግየት መከላከሌ አይደለም። በጁላይ 2 ቀን 2023 በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት፣ ክራንደን በተባለች ከተማ በተደረገ ፌስቲቫል ላይ ስምንት ሰዎች በአንድ ሮለር ኮስተር ላይ ቁልቁል እንደተዘቀዘቁ ለሦስት ሰዓታት ያህል ቆይተዋል። ሰው ተዘቅዝቆ ሦስት ሰዓት መቆየት የለበትም። እዚያ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ግን ባቡሩ ለምን ቆመ የሚለው ብቻ አይደለም፤ ይህን ያህል ከፍታ ላይ ሰው የሚሰቅል ሁሉ ሰውን የሚያወርድበትን መሣሪያና የሠለጠነ ሰው አስቀድሞ ማዘጋጀት ነበረበት የሚለው ነው።

ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ስለ ሐሰት ማንቂያ የተጻፈው ነው። ወሳኝ በሆኑ ቦታዎች ላይ አብዛኛውን ጊዜ አንድን ነገር የሚመለከቱ ሁለት ሴንሰሮች ይገጠማሉ። አንደኛው «ባቡሩ አልፏል» ሌላው «አላለፈም» ካሉ፣ ከሁለቱ የትኛው እንደተሳሳተ ኮምፒውተሩ ሊያውቅ አይችልም፤ ስለዚህ ሁሉንም ያቆማል። ምክንያቱ ዝናብ ያስገባው ውኃ፣ የተቋጠረ ቅባት ወይም በንዝረት ብዛት በጥቂት ሚሊሜትር ቦታውን የለቀቀ ሴንሰር ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ጸሐፊው ይህን «ምንም ያልሆነ» ብለውታል። «ሐሰት» የሚለው ስም ግን ለማንቂያው የሚሰጠው ሁሉም ነገር ተፈትሾ ካበቃ በኋላ ነው፤ ከመፈተሹ በፊት የሐሰተኛውና የእውነተኛው ማንቂያ መልክ አንድ ነው። በዚያ ላይ ከሁለት ሴንሰሮች አንዱ የተበላሸበት መጫወቻ ጥበቃው በግማሽ የቀነሰ መጫወቻ ስለሆነ፣ ባቡሩ በሰላም ቢያልፍም እንኳ መቆሙ ተገቢ ነው።

ጸሐፊው እንዲፈቀድ የጠየቁት ነገር ከዚህ በፊት ተደርጎ ውጤቱ ታይቷል። በእንግሊዝ አገር አልተን ታወርስ በተባለው ፓርክ ውስጥ፣ ስማይለር የሚባለው ሮለር ኮስተር ላይ ጁን 2 ቀን 2015 የሆነውን ላስታውስ። በዕለቱ ባዶ የሙከራ ባቡር ተለቀቀ፤ ዙሩን ሳይጨርስ መንገድ ላይ ቆሞ ቀረ። ከኋላው 16 ሰዎችን የያዘ ባቡር ሲነሳ፣ ኮምፒውተሩ ከፊቱ ያለው ክፍል መያዙን ስላወቀ ባቡሩን አቆመው። ሴንሰሩም ኮምፒውተሩም እውነቱን ነበር የተናገሩት። የጥገና ሠራተኞቹ ግን ሀዲዱ ላይ የቀረ ባቡር መኖሩን ስላላወቁ መቆሙን የሥርዓቱ ስህተት አድርገው ቆጠሩት፤ ጥበቃውን በእጅ አልፈው ባቡሩን ለቀቁት፤ ከቆመው ባዶ ባቡር ጋርም ተጋጨ። በባቡሩ የነበሩት ሁሉ ተጎዱ፤ ሁለት ወጣት ሴቶች እያንዳንዳቸው አንድ እግራቸውን አጡ። በሚቀጥለው ዓመት ፓርኩን የሚያስተዳድረው ኩባንያ 5 ሚሊዮን ፓውንድ ተቀጣ። በክሱ ሂደት ጎልቶ የወጣውም የሠራተኞቹ የግል ስህተት አልነበረም፤ ኩባንያው አደጋውን አስቀድሞ አለመገምገሙና ሠራተኞቹ እንዲህ ያለ ሁኔታ ሲገጥማቸው የሚከተሉት የተደነገገ አሠራር አለማስቀመጡ ነበር። ጸሐፊው «ልምድ ያለው ሰው አይቶ ይወስን» ይላሉ። የስማይለር ሠራተኞችም ልምድ አልጎደላቸውም፤ የጎደላቸው ከቆሙበት ቦታ የማይታየውን ነገር እንዲያረጋግጡ የሚያስገድድ አሠራር ነበር።

ሌላው ምሳሌ ከዚህ ይለያል፤ ለነጥባችን ግን ይበልጥ ይቀርባል። በማርች 2022 በአሜሪካ ኦርላንዶ ከተማ፣ ከከፍታ በሚወረወር አንድ የማማ መጫወቻ ላይ የ14 ዓመት ልጅ ከወንበሩ ተንሸራቶ ሞተ። በምርመራ እንደተገለጸው የዚያ ወንበር ሴንሰር በእጅ ተስተካክሎ ነበር፤ በዚህም ምክንያት መያዣው ከሚገባው በላይ ክፍት ሆኖ ሳለ «ተዘግቷል» የሚለው መብራት በራ። «አላስፈላጊ ጥብቅነት» ብለው ጸሐፊው የተቹት፣ በመያዣውና በተሳፋሪው አካል መካከል ያለው የጥቂት ሳንቲሜትር ልዩነት፣ እዚያ ላይ በሕይወትና በሞት መካከል ያለ ልዩነት ነበር። ስለዚህ መያዣው አልዘጋ ስላለ ብቻ ከወንበሩ ተነስቶ እንዲወርድ የተጠየቀ ሰው ቢያዝንም፣ ያ ጥያቄ የቀረበለት ለእርሱ ሲባል ነው።

የድሮዎቹ መጫወቻዎች አይቆሙም ነበር የሚለውን በአጭሩ ልለፈው። አይቆሙም ነበር፤ ምክንያቱም አብዛኞቹን የሚያስቆማቸው ሥርዓት አልነበረም፤ ፍሬኑ በሰው እጅ የሚሳብ ዘንግ ነበር። በሜይ 30 ቀን 1972 ለንደን ውስጥ በባተርሲ ፓርክ በነበረ የእንጨት ሮለር ኮስተር ላይ ባቡሩ ከሚጎትተው ገመድ ተላቀቀ፤ ወደኋላ መንሸራተትን ሊገታ የሚገባው ነገርም አልያዘውም። አምስት ልጆች ሞቱ፣ 13 ሰዎች ቆሰሉ። ዛሬ ባቡር አቀበት ሲወጣ የሚሰማው ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ፣ ባቡሩ ወደኋላ እንዳይመለስ የሚይዘው ብረት በየጥርሱ ላይ ሲወድቅ የሚያሰማው ነው፤ ልጆችን የሚያስፈራው ይህ ድምፅ ለእኔ ከሁሉም የሚያረጋጋኝ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ወደ ጥገናው ርዝመት ልምጣ፤ ጸሐፊው በእውነት የተቸገሩበትም ይህ ነውና። «የተሰነጠቀ ብረት ጥሩ በያጅ በአንድ ቀን ይጨርሰዋል» ብለዋል። ለአጥር በር ይህ ልክ ነው። መጫወቻ ግን በየደቂቃው አንድ ባቡር የሚያልፍበት ቢሆንና በቀን ለ10 ሰዓት ቢሠራ፣ አንድ ምሰሶ በቀን 600 ጊዜ፣ በ200 የሥራ ቀናት ደግሞ 120 ሺህ ጊዜ ይገፋል፣ ይለቀቃል። ብረት በአንድ ጊዜ ከሚችለው በታች በሆነ ጫና እንኳ ይህን ያህል ጊዜ ሲመላለስበት ይደክማል፤ ስንጥቅም የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከብየዳ ጠርዝ ነው፤ ብየዳው ያጋለው የብረቱ ክፍል ባሕርይው ስለሚለወጥ። ስለዚህ ስንጥቁን ሳይመረምሩ በላዩ ላይ መበየድ፣ ሌላ ስንጥቅ የሚነሳበትን ቦታ አዘጋጅቶ በቀለም መሸፈን ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ብረቱ ለምን ተሰነጠቀ የሚለው ነው፤ የፋብሪካ ጉድለት ነው፣ መሠረቱ ሰጥሟል፣ ወይስ ከጎኑ ያለው ምሰሶ ጫናውን አልሸከም ብሎ ወደዚህኛው አዛውሯል? ይህ ሳይመለስ የተተካ ምሰሶ እንደቀደመው ይሰነጠቃል።

ፉሪ 325 የተባለው የአሜሪካ ሮለር ኮስተር ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በኖርዝ ካሮላይና ካሮዊንድስ ፓርክ የሚገኘው ይህ መጫወቻ 99 ሜትር ከፍታ አለው። በጁን 30 ቀን 2023 አንድ ጎብኚ ከምሰሶዎቹ አንዱ ተሰንጥቆ ባቡር ሲያልፍ ሲነቃነቅ ቀርጾ አሳየ፤ መጫወቻው በዚያው ቀን ተዘጋና በኦገስት 10 ተከፈተ። ከስድስት ሳምንት ትንሽ ያነሰ ጊዜ ማለት ነው። ጸሐፊው እንዲህ ያለውን ጊዜ «ለአንድ ምሰሶ» ብለው ይደነቁበታል። በእነዚያ ሳምንታት አዲስ ምሰሶ ተሠርቶ መምጣት፣ በክሬን ተነስቶ በትክክለኛው ቦታና ዘንበል መቆም፣ ቀሪው ሀዲድ ሁሉ ለሌላ ስንጥቅ መመርመር፣ ባዶ ባቡር ደጋግሞ መሮጥና የግዛቱ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት መፈተሽ ነበረበት። በእኔ ግምት ይህ ፈጣን ሥራ ነው። ፓርኩ ሊወቀስ የሚገባው በሌላ ነው፦ ከመሬት ቆሞ የሚታይ ስንጥቅ ከፓርኩ ሠራተኛ በፊት በጎብኚ ዓይን መገኘቱ የማያስመሰግን ነገር ነው።

የመለዋወጫውንም ጉዳይ ጸሐፊው ቀለል አድርገው አይተውታል። እንዲህ ያሉ መጫወቻዎችን የሚሠሩት በዓለም ላይ በጣት የሚቆጠሩ ኩባንያዎች ናቸው፤ አብዛኛው ትልቅ አካል ደግሞ ለአንዱ መጫወቻ ለአንዱ ቦታ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ አይጠብቅም። ሠሪው የጠፋ እንደሆነስ? ብዙ ታዋቂ የብረት ሮለር ኮስተሮችን የሠራው የአሜሪካው አሮው ኩባንያ በ2001 ከስሯል፤ የሠራቸው መጫወቻዎች ግን ዛሬም ይሽከረከራሉ። ለእንዲህ ያለ አሮጌ መጫወቻ የሚሆን መለዋወጫ ሲያስፈልግ አንዳንድ ጊዜ አሮጌው ዕቃ ተለክቶ፣ የብረቱ ዓይነት ተመርምሮ፣ ሥዕሉ እንደ አዲስ ተሠርቶ ነው ወደ ቶርኖ የሚገባው። ማንኛውም ጎበዝ የቶርኖ ባለሙያ ቅርጹን አስመስሎ ማውጣት ይችላል፤ ብረቱ በምን ያህል ሙቀት እንደተጠነከረ ግን በዓይን አይታይም። እዚህ ላይ ለጸሐፊው በግልጽ የምሰጣቸው ነገር አለ። ጎማ፣ ኩሽኔታ፣ ሴንሰር፣ የፍሬን ሸራ፣ የመያዣ ሞላ የመሳሰሉት የሚያልቁበት ጊዜ አስቀድሞ ይታወቃል፤ ለእነዚህ ተብሎ መጫወቻን ለሳምንት መዝጋት ሰበብ ነው ቢሉ አልከራከራቸውም። የሚያልቅ ዕቃ በመደርደሪያ ላይ ያላስቀመጠ ፓርክ ገንዘብ የቆጠበው በጎብኚው ቀን ላይ ነው።

ጸሐፊው በአሜሪካ ሴዳር ፖይንት ፓርክ የሚገኘውን ቶፕ ትሪል 2 የተባለ ሮለር ኮስተር የመጓተት ምሳሌ አድርገው ጠቅሰዋል። መጫወቻው በሜይ 2024 መጀመሪያ ተከፍቶ ከሳምንት ገደማ በኋላ ተዘጋ፤ የዓመቱ ወቅት ካለቀ በኋላም እስከ 2025 ድረስ አልተከፈተም። ጸሐፊው ያላነሱት ግን ከዚያ በፊት የሆነውን ነው። ይኸው መጫወቻ በቀድሞ ስሙና አሠራሩ ሳለ፣ በኦገስት 2021 ከባቡሩ የተላቀቀ ብረት ወረፋ ላይ የቆመች ሴት መትቶ ክፉኛ ጎድቷታል። ይህን ታሪክ ተሸክሞ ባቡሮቹ ላይ ችግር የታየበት ባለቤት ሙሉ ወቅት ገቢውን ትቶ መዝጋቱ፣ ጽሑፉ ከጠቀሳቸው ሁሉ ምስጋና ሊያገኝ የሚገባው ውሳኔ ነበር።

የጠዋት የዓይን ፍተሻ በቂ ነው ለሚለው መልሱ ከአሜሪካዋ ኦሃዮ ግዛት ይመጣል። በጁላይ 26 ቀን 2017 በግዛቱ ዓመታዊ ትርዒት ላይ ፋየር ቦል የተባለው መጫወቻ እየተወዛወዘ ሳለ ሰው የያዘው ክፍሉ ተገንጥሎ አንድ የ18 ዓመት ወጣት ሞተ፣ ሰባት ሰዎች ቆሰሉ። መጫወቻው በዚያው ቀን ተፈትሾ ያለፈ ነበር። ሠሪው ኩባንያ በኋላ እንዳስታወቀው፣ ወንበሮቹን የያዘው ውስጡ ክፍት የሆነ ብረት ከውስጥ በኩል ዝጎ ግድግዳው ሳስቷል። ከውጭ ቀለሙ ደህና ነበር። ከውስጥ የበላ ዝገትን ዓይን አያይም፤ በድምፅ ሞገድ ውፍረቱን የሚለካ መሣሪያ ግን ያየዋል፤ የብረትን ገጽ ስንጥቅ በመግነጢስና በብረት ብናኝ፣ ወይም ስንጥቁ ውስጥ በሚገባ ቀለም ማውጣት ይቻላል። ይህ ሥራ ጎማዎቹ ወልቀው፣ ቡሎኖቹ ተፈትተው፣ አንዳንዴም ቀለሙ ተልጦ የሚሠራ ስለሆነ ሰዎች ወረፋ ይዘው እየጠበቁ አይከናወንም። ጸሐፊው «አላስፈላጊ የክረምት መዘጋት» ያሉት ይህን ነው።

በመጨረሻ የቅጣትና የሽልማት ሐሳባቸው ይቀራል። በሴፕቴምበር 5 ቀን 2003 በካሊፎርኒያ ዲዝኒላንድ ቢግ ተንደር ማውንቴን በተባለው ሮለር ኮስተር ላይ አንድ ወጣት ሞተ፣ 10 ሰዎች ተጎዱ። የግዛቱ ምርመራ ችግሩን ከተገቢው ውጭ ከተሠራ ጥገና ጋር አያያዘው፤ አንድ የጎማ ማያያዣ ቡሎኖቹ በሚገባ አልጠበቁም ነበር። ሠራተኞቹ ከባቡሩ ያልተለመደ ድምፅ ሰምተው፣ ከዚያ ዙር በኋላ ከሥራ ሊያወጡት አስበው ነበር። አንድ ዙር ብቻ ነው የቀረው። ጸሐፊው የሚጠይቁት የ30 ደቂቃ ቅጣት ሠራተኛውን ሁልጊዜ ወደዚያች አንድ ዙር የሚገፋ ነው፤ ቶሎ ላስነሳ የሚሰጠው ሽልማትም እንዲሁ፤ ምክንያቱም ድምፁን ሰምቶ «ይቁም» ያለ ሰው ሽልማቱን ያጣል፣ ሰምቶ ዝም ያለው ደግሞ ያገኘዋል። የጥገና ሠራተኛ ደሞዙ መጫወቻው ከሚሽከረከርበት ሰዓት ጋር ከተቆራኘ፣ የሚፈርምበት የፍተሻ ቅጽ ፊርማ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ቅጣት የግድ ካስፈለገ እኔ በሌላ ነገር ላይ ነው የምጥለው። ባቡር ሲቆም ብልሽቱ ከመታወቁ በፊት የሚነሳበትን ሰዓት ማንም ሊናገር አይችልም፤ መቆሙን፣ ምርመራ መጀመሩን፣ ሰው እያለ የማይጠገን ነገር መገኘቱን ግን ሁሉም ሊናገር ይችላል። ብዙ ጎብኚዎችን የሚያስመርረው ለሁለት ሰዓታት ወረፋው ላይ ያለ አንዳች ቃል መቆማቸውና ሌላ ቦታ ለመሄድ ወይም ለመቆየት የሚወስኑበት መረጃ መነፈጋቸው ነው። ስለዚህ ባለቤቱ መጫወቻው በቆመ በ10 ደቂቃ ውስጥ በወረፋው መግቢያና በውስጡም እንዲናገር፣ በየግማሽ ሰዓቱ የደረሰበትን እንዲያሳውቅ፣ የተሰለፉትም ተራቸው ተመዝግቦ በሌላ ሰዓት ወይም በሌላ ቀን እንዲመለሱ፣ ቀድሞ እንደተዘጋ እያወቀ ትኬት ከሸጠም ገንዘቡን እንዲመልስ የሚያስገድድ ደንብ ቢወጣ፣ እኔም ከጸሐፊው ጎን ቆሜ እፈርማለሁ። የመካኒኩ ሰዓት ግን ከዚያ ደንብ ውጭ ይሁን፤ ቡሎኑን አጥብቆ፣ ልኩን አይቶ፣ ባዶ ባቡር አስሩጦ «አሁን ይሂድ» እስኪል ድረስ ማንም አይቁጠርበት።